ምጣዱ ማታ ለምን አይሰማም? ቮልቴጅ፣ ከረንትና ኃይል በአንድ የሐዋሳ ማድ ቤት



ዛሬ ከመማሪያ መጽሐፍ አልነሣም፤ ታቦር ተራራ ግርጌ ከሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ ጥያቄ ልነሣ። እኒህ እናት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ይተዳደራሉ። አንድ ምሽት፣ «ዶክተር፣ ምጣዱ ማታ ማታ አልሰማ አለኝ፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ጠጋኙ ሽቦውን ቆረጥ ላድርገው ይለኛል። ላስቆርጠው?» አሉኝ።

መለኪያዬን ይዤ ሄድኩ። ቀን ላይ መስመሩ 220 ቮልት፣ ምጣዱ የሚስበው ከረንት 16 አምፔር ነበር። ቮልቴጁን ለከረንቱ ስናካፍል ሬዚስታንሱ 13.75 ኦም፣ ሁለቱን ስናባዛ ኃይሉ 3,520 ዋት ይሆናል። ምሽት ላይ፣ ሠፈሩ ሁሉ እራት ሲያበስል፣ ቮልቴጁ 180 ደርሶ አገኘሁት።

በፈተና ወረቀት ላይ ዘወትር የማየው ስሕተት እዚህ ላይ ይመጣል። ተማሪው 180ን በ16 ያባዛና 2,880 ዋት ብሎ ይጽፋል። 16 አምፔር ግን በምጣዱ ላይ ተጽፎ የሚኖር ቁጥር አይደለም፤ 220 ቮልት ሲገኝ ብቻ የሚመጣ ነው። ከምጣዱ ጋር የሚኖረው ሬዚስታንሱ ነው። ስለዚህ 180ን ለ13.75 እናካፍላለን፤ ከረንቱ 13.1 አምፔር ገደማ፣ ኃይሉም 2,356 ዋት ይሆናል። ቮልቴጁ ከመቶ 18 እጅ ቀነሰ፤ ኃይሉ ግን ሲሶውን አጣ፤ ምክንያቱም ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንቱም አብሮት ይወርዳል። በሊጡም ሆነ በጋጋሪዋ እጅ ጥፋት አልነበረም።

(ሬዚስታንሱ አይለወጥም ስል ጥቂት ቸኩያለሁ። የምጣድ ሽቦ የሚሠራበት ኒክሮም ሲግል ሬዚስታንሱ የሚጨምረው በትንሹ ነው። በድሮው አምፖል ውስጥ ያለው ተንግስተን ግን ሲበራ ከአሥር እጥፍ በላይ ይጨምራል። የ60 ዋት አምፖል ጠፍቶ ሳለ ለክታችሁ፣ ከሒሳቡ የሚወጣውን 807 ኦም ብታጡት መለኪያውን አትውቀሱት።)

የጠጋኙ ምክር ከንቱ አይደለም። ሽቦ ሲያጥር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ ከረንቱም ይጨምራል። በ180 ቮልት 3,520 ዋት ለማግኘት ሬዚስታንሱ ወደ 9.2 ኦም መውረድ አለበት፤ ከሽቦው ሲሶ ያህል ይቆረጣል ማለት ነው። ማታ ምጣዱ ደኅና ይሰማል። ቮልቴጁ ወደ 220 ሲመለስስ? ከረንቱ 24 አምፔር ገደማ፣ ኃይሉ ከ5,200 ዋት በላይ ይሆናል። ያንን ሁሉ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ያጠረው ሽቦ ነውና፣ በእያንዳንዱ ሳንቲሜትር የሚወጣው ሙቀት ከቀድሞው ከእጥፍ ይበልጣል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን 16 አምፔር እንዲሸከም የተሠራው ሶኬት ነበር። ጆርጅ ሲሞን ኦም ሕጉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው፤ ጄምስ ጁል ደግሞ በ1841 የሽቦ ሙቀት ከከረንቱ ስኩዌር ጋር እንደሚያድግ አሳወቀ። በላላ ሶኬት ውስጥ ግማሽ ኦም ብቻ አለ እንበል። በ16 አምፔር 128 ዋት፣ በ24 አምፔር 288 ዋት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይወጣል። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ግድግዳው ጭቃና እንጨት ከሆነም የሚከተለውን ታውቁታላችሁ።

«አያስቆርጡት» አልኳቸው፤ ሶኬቱንም አስጠበቅን። እርሳቸው ግን፣ «ታዲያ የማታ ደንበኞቼን ምን ልበላቸው?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም። አሁን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው ይጋግራሉ። አንድ ቀን በዚያ ሰዓት መስመሩን ለካሁት፤ 218 ቮልት ነበር።