በመድረኩና በመኪናው መካከል
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ከመጋዘን ክፍል የቀረበ ንግግር)





ስለ ካፒታል ዕድገትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ከእኔ በፊት የተናገሩት በሚገባ ገልጸውታል። እኔ የመጋዘን ሰው በመሆኔ የምናገረው ስለ አንዲት ጠባብ ስፍራ ነው። ይህችም በመጋዘናችን የመጫኛ መድረክ ጠርዝና በመኪናው ካሶኒ መካከል ያለችው ናት።

እንደሚታወቀው መድረካችን ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ሲሠራ የታሰበው ለአንድ ዓይነት መኪና ነበር። ይሁን እንጂ እህላችሁን ከየቀበሌው የሚያመጣው አይሱዙ ካሶኒው ከመድረኩ ዝቅ ይላል፤ ማዳበሪያ ከጅቡቲ የሚያደርሰው ተሳቢ ደግሞ ከፍ ብሎ ይቆማል። መሐሉን የምንሞላው በሳንቃ ነው። በዚያ ሳንቃ ላይ ሰው ኩንታል ተሸክሞ ያልፋል።

ቁመቱም ቢሆን ባለበት አይቆይም። የባዶ መኪና ባሌስትራ የተነሣ ነው፤ ጭነቱ እየበዛ ሲሄድ ይተኛል። በመሆኑም አይሱዙ ስንጭን ለመጀመሪያው ኩንታል ደህና የነበረው ሳንቃ ለመጨረሻው ቁልቁለት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ወዛደሩ ደክሟል፤ የሚከፈለው በኩንታል ስለሆነ ግን ይሮጣል። «የሚወድቁት ባለመጠንቀቅ ነው» የሚሉ አሉ። እስቲ እነርሱ 100 ኪሎ በጀርባቸው አዝለው እግራቸው የሚያርፍበትን ለማየት ይሞክሩ።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ዩሪያ እያራገፍን ሳለ ሹፌሩ ሥራው ያለቀ መስሎት መኪናውን ወደፊት አንቀሳቀሰ። የሄደው አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ሳንቃው ጫፉ ላይ ብቻ ተቀምጦ ስለነበር ወደቀ፤ በላዩ የነበረው ወጣትም አብሮ ወደቀ፤ ጆንያው ከላይ መጣበት። እግሩ ተሰበረ። ከሹፌሩ ቁልፍ መቀበል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አልተቀበልኩም። ልጁ አባላችን አልነበረም፣ በደመወዝ መዝገባችንም ላይ የለም፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ከበር የተጠራ ነው። ለሕክምናው ከየኪሳችን አዋጣን። በኋላ እናቱ መጥተው «ልጄ የማን ሠራተኛ ነበር? ማንን ልጠይቅ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ ይጥላል። እኛ «የቀን ሠራተኛ ነው» ብለን ስንሸሽ ኖረናል። ከአሁን በኋላ የሚጫንና የሚወርድ ሁሉ በስም መዝገብ ላይ ተጽፎ እንዲገባ፣ የወረዳው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤትም በዚህ እንዲያግዘን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአደጋው ወዲህ መኪና መድረኩን ሲጠጋ ቁልፉ በንብረት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ቆጠራው ተፈርሞ ሳንቃው ሳይነሣ አይመለስም። የኋላ ጎማዎች ታኮ ይገባላቸዋል፤ በመንገድ ዳር የተለቀመ ድንጋይ አንቀበልም። አሮጌው ሳንቃ አንድ ሜትር ተኩል ነበር። 30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በዚያ ላይ ዳገት ነው፤ በሦስት ሜትር ላይ ግን ሰው ሳይንገዳገድ ይሄደዋል። አዲሱ ሦስት ሜትር ሆኖ ከሥሩ በብረት ተደግፏል፣ ጫፎቹም እንዳይንሸራተቱ መያዣ አላቸው፤ እግር እንዳያዳልጥም በላዩ አግዳሚ ጣውላ ተመቶበታል። ዝናብ ሲጥል ሥራ እናቆማለን። በዚህ የተነሣ ሹፌሮች ይቆጡናል፤ ይቆጡ።

ከእናንተ የምንፈልገው ደግሞ አለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ በላይ ከሆነ ወደዚያ እንዲወርድ ይመክራል። ማዳበሪያው በ50 ኪሎ ይመጣል፤ የእኛ እህል ግን እስከ ዛሬ በ100 ነው። አንዳንዶቻችሁማ ረግጣችሁ 110 እንደምታስገቡ ሚዛኑ ይነግረናል። በ50 ቢሞላ የጆንያ ወጪ እንደሚጨምር አልክድም፤ ግማሹን ዩኒየኑ እንዲሸፍን ሐሳብ አቅርበናል።

ሌላው ከመድረኩ ፊት ያለው መሬት ነው። በአንዱ በር በኩል በድንጋይና በገረጋንቲ ከፍ ከተደረገ አይሱዙ ከመድረኩ ጋር ሊስተካከል ይችላል፤ ውኃው የሚወርድበት ቦይ ግን አብሮ መሠራት አለበት። ግምቱ ከበጀት ረቂቁ ጋር ተያይዟል። ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ውይይት ድምፅ እንድትሰጡበት እጠይቃለሁ።