የጠባይን ትምህርት ለሚያስተምር መምህር የሚገባው ዕውቀት



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ፣ የልጆችን ጠባይ መርምሮ ማቅናትን ለመምህራን የሚያስተምር ሰው ራሱ ምን ሊያውቅ ይገባዋል የሚለው ነው። ጥያቄውን ያነሣብኝ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ ሠልጣኝ ነው።

ሠልጣኙ በሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት በሚገኘው በኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር አስተምሮ የተመለሰ መምህር ነበረ። ኡም ራኩባ ከድንበራችን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ከጎንደርና ከትግራይ የተሰደዱ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በረሃብና በበሽታ ያለቁበት ስፍራ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ለመቀበል እንደ ገና ተከፈተ። በዚያ ልጆችን ያስተማሩ መምህራንም ራሳቸው ስደተኞች ነበሩ።

እኔ ስለ ሽልማትና ስለ ቅጣት ከደብተሬ እያነበብሁ ሳስጽፍ፣ ይህ ሰው እጁን አነሣና፣ «መምህር፣ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ከወንበር ሥር የሚገባ ተማሪ ነበረኝ። እንዲህ ያለው ይሸለማል ወይስ ይቀጣል?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። እንደዚያ ያለውን ልጅ ከቶ አስተምሬ አላውቅም ነበርና።

የጠባይ ምርመራ የሚባለው ዕውቀት የተመሠረተው አሜሪካዊው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ባሳተመው ጥናት ላይ ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፤ ከድርጊቱ አስቀድሞ ምን ሆነ? ልጁ ምን አደረገ? ከዚያስ ምን ተከተለ? ልጁ በጮኸ ቁጥር ከክፍል የምናስወጣው ከሆነ፣ ጩኸት ከትምህርት ማምለጫ መሆኑን ያስተማርነው እኛው ነን። የኡም ራኩባው ልጅ ግን ድምፅ ሰማ፣ ተሸሸገ፣ ፍርሃቱም ለጊዜው በረደለት። ብንቀጣው በፍርሃት ላይ ፍርሃት እንጨምርበታለን። የሚረዳው ከሚያምነው ሰው ጋር ሆኖ ድምፁን ጥቂት በጥቂት እንዲለምደው ማድረግ፣ ነገሩ ከመምህር አቅም በላይ ሲሆንም ለሐኪም ማሳየት ነው።

ይህን ለይቶ ለማወቅ ዲግሪ ብቻ አይበቃም። በአሜሪካ እንኳ በዚህ ሙያ የሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ሰው፣ ምስክር ወረቀት ከማግኘቱ በፊት በተቆጣጣሪ ሥር እስከ 2,000 ሰዓት መሥራት አለበት። ይህን ወረቀት የሚሰጠው ቦርድ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2023 ወዲህ ከጥቂት አገሮች ነዋሪዎች በቀር የሌላውን ማመልከቻ አይቀበልም። ስለዚህ ከውጭ እስኪመጣልን መጠበቅ አይጠቅመንም።

ከልጅ አጠገብ የሚገኝ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚያፈራ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አሳይተውናል። የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የነበራቸው እኒህ እናት፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ሲያሳድጉ የተማሩትን ይዘው በ2002 (በአውሮፓ አቆጣጠር) አዲስ አበባ ላይ የጆይ ማዕከልን አቋቁመው ለሌሎች ልጆች በር ከፈቱ።

እንግዲህ የማሳስበው ይህ ነው። የመምህራን አሠልጣኝ ሁሉ በየዓመቱ ጥቂት ሳምንታት ወደ አንደኛ ደረጃ ክፍል ገብቶ ያስተምር፤ ያየውን በሦስቱ ጥያቄዎች እየመረመረ ይጻፍ፤ ባልደረባውም አጠገቡ ተቀምጦ ይመልከተውና ስሕተቱን ይንገረው። ለዚህ የሚያስፈልገው የሹማምንት ፈቃድና የእኛ ትሕትና ነው።

እኔ ጀምሬአለሁ። ከወንበር ሥር የሚገባ ልጅ ያለበት መምህር ዳግመኛ ሲጠይቀኝ፣ ደብተሬን ከመግለጤ በፊት ያየሁትን እነግረው ዘንድ ተስፋ አደርጋለሁ።