በጥቢ የሚጠበቅ እንግዳ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድራችን ለቀብር የተቋቋመ መሆኑን ረስቼ አይደለም ዛሬ ስለ መውለድ ለመናገር የቆምኩት። ጸሐፊያችን «ስለ ጤና ጥቂት ይንገሩን» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ ርዕሱን ስነግራቸው፣ ለአፍታ ዝም ብለው «ከደንባችን ጋር ይሄዳል?» አሉኝ። መልሴ ይኸው ነው። በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ጡሩምባ በተነፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ውኃው ተቀድቶ ይገኛል። ይህ የሚሆነው በዚያች ሰዓት ተሰብስበን ስለ መከርን አይደለም፤ ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ ነው። አንዲት ሴት በእኩለ ሌሊት ምጥ ሲይዛት ግን ባልየው ጫማውን ሳያስር ወጥቶ የየቤቱን በር ሲያንኳኳ ያድራል። ለሞት የተዘጋጀ ሰፈር ለመውለድ አልተዘጋጀም ማለት ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ስለ ሁለት ልጆች ልንገራችሁ። አስፈቅጃቸው ነው የምናገረው፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ብታውቋቸውም ዝም በሉ።

እነዚህ ባልና ሚስት ከመንደራችን አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። እሱ በያጅ ነው፤ እሷ በማተሚያ ቤት መጽሐፍ በመጠረዝ ትሠራለች። ከተጋቡ ዓመት ከመንፈቅ ቢሆናቸው ነው። በመስከረም መጀመሪያ የዕድሩ አባል ለመሆን መጥተው ሲመዘገቡ፣ አንድ አባታችን «እናንተ ገና አንድ ፍሬ ልጆች፣ ምን አጣደፋችሁ?» ቢሏቸው ልጅቷ ሆዷን በነጠላዋ እየሸፈነች «ሰው እየበዛን ነው አባባ» አለች። እኔም ሠላሳ ዓመት ያህል በአዋላጅነት የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

«መቼ ነው?» አልኳት። «ለገና አካባቢ ይላሉ፣ እትዬ» አለችኝ። ይላሉ አይበቃም። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ለዚህ ነገር እንዴት እንደሚመች ብዙ ሰው አያውቅም። እርግዝና የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ተብሎ ይታሰባል። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለ ሆነ፣ ዘጠኝ ወር 270 ቀን ይሆናል፤ በላዩ 10 ቀን መጨመር ነው። በመካከሉ ጳጉሜን ካለች ግን እሷ አምስት ቀን ስለምትይዝ የሚጨመረው 5 ብቻ ይሆናል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4። ልጅቷ መጋቢት 15 ቀን አለችኝ። ዘጠኝ ወር ሲቆጠር ታኅሣሥ 15፣ ጳጉሜንን አልፎ 5 ሲጨመር ታኅሣሥ 20። ባልየው በጣቱ ቆጥሮ ቆጥሮ አመነኝና፣ በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከበበው። እርግጥ ልጅ ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም፤ ከሁለት ሳምንት በፊትም ከአንድ ሳምንት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ጥቢውን አብረን አሳለፍነው ማለት እችላለሁ። መስቀል መጣ። ባልየው በደስታ ቁርጥ ገዝቶ ገባ። ጥሬ ሥጋ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ኮሶ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለእናትየው ሳይታወቃት ፅንሱን የሚጎዳ ሕመም በጥሬ ሥጋ ይተላለፋል። እሷ ጥብሱን በላች፣ እሱ ቁርጡን ጨረሰው፤ አልተጎዳም። ኮሶ የያዛት ነፍሰ ጡር ብትኖርም የአገር መድኃኒቱን እንዳትጠጣ አደራ እላለሁ፤ ለእሷ የሚሆነውን ሐኪም ይስጣት።

ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የደም ማነስ መከላከያ እንክብልም አቁማው አገኘኋት። ለምን ብላት፣ ዓይነ ምድሯ ጠቁሮ ደንግጣ ነው። የብረት ንጥረ ነገር ያለው እንክብል ያጠቁራል፤ ጉዳት የለውም። ሌላው ደግሞ ቡናው ነው። እኛ ቤት እንክብሉም ምሳውም የሚወርደው በቡና ነው፤ ቡናና ሻይ ግን ብረቱ ከሰውነት እንዳይዋሐድ ያግዳሉ። ቡና ተዪ አላልኳትም፣ እንዲህ ብል ማን ይሰማኛል? ከምግቡና ከእንክብሉ በአንድ ሁለት ሰዓት አርቂው ነው ያልኳት። ማታ ስትተኛ እንድትወስደው ተስማማን።

በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ? ባልየው አጥንቱን አላጓደለም። ያስቸገረኝ ብርዱ ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ በር ዘግቶ፣ ስንጥቁን በጨርቅ ወትፎ፣ ከሰል አንድዶ መተኛት በየዓመቱ ሰው እንደሚገድል ዕድራችን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ድንኳኑን የምንተክለው እኛው ነን። «ፍሙ ጭሱን ጨርሷል» የሚባለው አያድንም። ገዳዩ አየር ሽታም ጭስም የለውም፤ ፅንሱን ደግሞ ከእናቱ ይበልጥ ይጎዳል። ምድጃው ውጭ ይደር፣ ብርድ ልብስ ይጨመር።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ኅዳር 12 ቀን እንደ ልማዳችን ቆሻሻው ተጠርጎ ሲታጠን ዋለ። ይህ ልማድ የመጣው በ1911 ዓ.ም. በገባው የኅዳር በሽታ ምክንያት እንደ ሆነ ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል፤ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። በዚያው ዕለት ማታ ልጅቷን ኃይለኛ ራስ ምታት ያዛት። ሁለቱም የጭሱ ነው ብለው ሻሽ አስራ ተኛች። በማግስቱ ባልየው በአጋጣሚ በሬ ላይ ሲያልፍ «እትዬ፣ ራሷን አልለቀቃትም፣ ፊቷም ያበጠ መሰለኝ» አለኝ። የእግር እብጠት ቢሆን ብዙም አልደነግጥም፤ በዚያ ወር የብዙ ሴት እግር ያብጣል። ፊትና እጅ ሲያብጥ፣ ራስ ምታት ሲጨመርበት፣ ዓይን ሲያጭበረብር፣ ከጎድን አጥንት በታች ሲያም ግን ሌላ ነገር ነው። ይዣት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የደም ግፊቷ 140 በ90 ሆኖ ተገኘ። ሽንቷ ሲመረመር ለጊዜው ደኅና ነበር፤ ወደ ሆስፒታል ተላከች። አሁን በየሳምንቱ ትታያለች። ሐኪሞቹም ታኅሣሥ 20ን ሳንጠብቅ ልናዋልድሽ እንችላለን ብለዋታል። ዛሬ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነን። እንግዲህ ሰዓቱ ዛሬ ማታም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህ የግፊት ነገር ሳይታወቅ ቢቆይ እናትየዋን እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል፤ እናትንም ልጅንም ይገድላል። የሚያሳዝነው በአንዲት የክንድ መለኪያ የሚታወቅ መሆኑ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ከ12 ሳምንት በፊት እንዲሆን ያሳስባል። ሆዷ እስኪገፋ ሰው አይን ብላ የምትደበቅ ልጅ ካለች፣ ከሰው ትደበቅ እንጂ ከአዋላጅ አትደበቅ።

በአገራችን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 ሕያው ልደት 871 እናቶች እንደሚሞቱ ተገምቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ግን 412 ሆኗል። ትልቅ ለውጥ ነው። የቀሩት ለምን ይሞታሉ ቢባል፣ በ1986 ዓ.ም. ሁለት ተመራማሪዎች ባቀረቡት ትንታኔ ነገሩን በሦስት መዘግየት ከፍለውታል፤ እነሱም ለመሄድ ከመወሰን መዘግየት፣ ከቦታው ከመድረስ መዘግየት፣ እዚያ ደርሶም እርዳታ ከማግኘት መዘግየት ናቸው። ሦስተኛው የሐኪሞቹ ነው፤ እሱን ለእነሱ እንተው። ሁለቱ ግን የእኛ የሰፈሩ ናቸው።

ለመወሰን መዘግየት ስል፣ «የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት» የሚለውን ልማዳችንን ልብ በሉልኝ። የልጅቷ እናት ጎጃም ናቸው። ከጥቅምት ጀምሮ በየእሑዱ እየደወሉ «ላኩልኝ እንጂ፣ ማን ሊያርስልኝ ነው?» ይሉ ነበር። ባልየው እሺም እምቢም ማለት አቅቶት ተጨነቀ፤ አማትን እምቢ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ልማዱ መልካም ልማድ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ልጅቱ በእናቷ እጅ መታረሷ እንጂ ቤቱ አይደለም። ስለዚህ ስልኩን ተቀብዬ «እርስዎ ይምጡልን» አልኳቸው። ቅዳሜ ቅቤያቸውን፣ የገንፎ ዱቄታቸውንና የአጥሚት እህላቸውን ጭነው መጡ። አንድ ነገር ብቻ ተከራክረናል። ሕፃኑ እንደ ተወለደ ቅቤ ማስዋጥ አለብኝ ይላሉ። ቅቤው ለእናትየው ገንፎ ይሁን፤ ለሕፃኑ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ የእናቱ እንገር ይበቃዋል፣ እስከ ስድስት ወርም ከጡት ሌላ ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም ብያለሁ። ገና አልተረታሁም፣ አልረታሁምም።

ለመድረስ መዘግየት ስል ደግሞ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከዚህ መንደር መኪና ማግኘትን አስቡት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ቁጥሩን ሁላችሁም ያዙት። አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደ ሆነስ? መኪና ያላቸው አባሎቻችን ጥቂት አይደሉም። ለቀብር ሲሆን ማን ጠይቋቸው ያውቃል? ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ። ደምም አለ፤ ወላድ ብዙ ደም ከፈሰሳት የሚተካው ከሰው የተለገሰ ነው። ባልየው የሚስቱን የደም ዓይነት በወረቀት ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይዟል፤ ዓይነታቸው የሚስማማ ሁለት ጓደኞቹንም አዘጋጅቷል። ሕጉንም አጥንቷል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለእሷ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባትየው ደግሞ 3 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። የእሱ ሥራ የቀን ስለ ሆነ ሦስቱን ቀን ማን እንደሚሰጠው አላውቅም እንጂ ያቺን ያውቃል።

ይህን ልጅ ነው እንግዲህ ዕድራችን የቀጣው። ጥቅምት ውስጥ ቀብር በነበረበት ዕለት ሚስቱ የክትትል ቀጠሮ ስለ ነበራት አብሯት ሄደ፤ ከቀብር ቀርተሃል ተብሎ ተቀጣ። ደንብ ነውና ሳያጉረመርም ከፈለ። እኔ ግን አጉረመረምኩለት፣ አሁንም እያጉረመረምኩ ነው። ደንባችን ለታመመ፣ ለታሰረና ከከተማ ለወጣ ምሕረት ያደርጋል፤ ሚስቱ ወሯ ለገባ ባል ግን አንድም ቃል የለውም። ደንቡን የጻፉት አባቶቻችን በዘመናቸው አማትና እኅት በየግቢው ስለ ነበሩ አላሰቡበት ይሆናል። የዛሬዎቹ ልጆች ግን ዘመድ የሌላቸው ተከራዮች ናቸው። ባልም «ምጥ የሴት ነው» ተብሎ በር ላይ እንዲቆም እንጂ ምልክቱን እንዲያውቅ አልተማረም። በፊቷ ላይ ያለውን እብጠት መጀመሪያ ያየው እኮ ነርሷ አይደለችም፤ እሱ ነው።

ስለዚህ ጉባኤው ሁለት ነገር እንዲወስን እለምናለሁ። አንደኛው፣ ሚስቱ ዘጠነኛ ወሯን ከያዘችበት ቀን ጀምሮ እስከ ክርስትናው፣ ክርስቲያን ያልሆኑት ደግሞ እስከ አርባው ቀን ድረስ፣ አባሉ ከቀብር ቢቀር እንዳይቀጣ፤ ለክትትል ቀጠሮ የሄደም እንዲሁ። ሁለተኛው፣ ሌሊት ስልካቸውን የማይዘጉና መኪና ያላቸው አባላት ስም ዝርዝር ተጽፎ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ሁሉ በር ጀርባ እንዲለጠፍ። ለዚህ ከዕድሩ ካዝና አንድ ሳንቲም አይወጣም፤ ነዳጁን ቤተሰቡ ይችላል፣ ካልቻለም እንነጋገራለን። ጎላ ብረት ድስቱን ለገንፎ እንድታውሱን አልጠይቅም፤ ያ ለሚመጣው ዓመት ይቆየኝ።

ዝርዝሩን ጀምሬዋለሁ። እስካሁን ሁለት ስም አለበት፤ አንደኛው መኪናው ጋራዥ ገብቷል። ወረቀቱ ጸሐፊያችን ጋር ነው፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጊዜ አለ። እነዚያ ልጆች ከውኃ ቦኖው በላይ ካለው አረንጓዴ በር ናቸው፤ ዛሬ ማታ የሚያንኳኳ ቢኖር ማን እንደ ሆነ ከወዲሁ እወቁት።