የሩቁን የተሳለመ የቅርቡን እንዳይረሳ



ሰው ከቤቱ ወጥቶ የዓለምን አገር በሚዞርበት ጊዜ ብዙ ነገር ያያል። ገበያውንና ወደቡን፣ የነገሥታቱን አዳራሽና የጦሩን ሐውልት ተመልክቶ ሲያበቃ፥ ዞሮ ዞሮ ከአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይደርሳል። የዚያ አገር ሕዝብ ምን እንደ ፈራ፣ በምን ተስፋ እንዳደረገ፣ ሙታኑንም በምን ክብር እንደ ሸኘ፥ ከዚያ ደጅ ይልቅ አጥርቶ የሚናገር የለምና። ስለዚህ የጥንት አብያተ ክርስቲያናትን ሄዶ ማየት ለመንገደኛ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ማየት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

«መጐብኘት» የሚለው የአማርኛ ቃል ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ያላዩትን አገር ሄዶ ማየት ነው፤ ወርቁ ግን የታመመውን መጠየቅ፣ የታሰረውን ማሰብ፣ የተቸገረውንም ቀርቦ መርዳት ነው። በሰሙ የጐበኘ ሰው ያየውን ለወዳጆቹ ያወራል፤ በወርቁ የጐበኘ ግን ካየው ነገር አደራ ተሸክሞ ይመለሳል። አባቶች ይህን ሁለተኛውን «መሳለም» ይሉታል። ጫማውን አውልቆ፣ ደፉን ስሞ፣ ለደጁ ሰላምታ የሰጠ ሰው ለዚያ ቤት እንግዳ መሆኑ ይቀራል፤ ዘመድ ይሆናል።

በ14ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርታቸውን አስከትለው ከኢትዮጵያ ወጡ። በግብጽ አልፈው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ በቆጵሮስም በኩል ተሻግረው እስከ አርመን ምድር ደረሱ፤ በዚያም ዐረፉ። ሥጋቸው በባዕድ አገር ቢቀርም፥ ከትምህርታቸው የተወለዱት ገዳማት፥ ከእነርሱም ውስጥ ደብረ ቢዘን፥ እስከ ዛሬ ቆመው ይኖራሉ።

ከ500 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ አባታችን የሄዱበት የአርመን መንገድ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ ኤውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በዚያም በአርመኖች ገዳም፥ በወገናቸው ላይ በደረሰው እልቂት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ተጠግተው አገኙ። አይተው አላለፉም፤ 40 ልጆች ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። እነዚህ «አርባ ልጆች» የተባሉት ሙዚቀኞች ነበሩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዚሁ በመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት በዓል የተሰማውን የሕዝብ መዝሙር ዜማ የደረሰው መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነው። አንድ ገዳም በወርቁ መንገድ ቢጐበኝ፥ ፍሬው እስከ አራዳ መድረሱን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ እኛም አገር የመጡ ጐብኚዎች ነበሩ። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1512 ዓ.ም. ከመልእክተኞች ጋራ መጥቶ 6 ዓመት ያህል ተቀመጠ። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ባየ ጊዜ ከአንድ አለት ተፈልፍለው መሠራታቸው እጅግ አስደነቀው፤ አገሩ ገብቶ ሲጽፍም አንባቢው ሐሰት ነው እንዳይለው ፈርቶ፥ የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ማለ። አልቫሬዝ የደነቀው ድንጋዩን ነው፤ መደነቁም ተገቢ ነበር። ነገር ግን እነዚያ 11 አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ በሕይወት የቆዩት አለቱ ስለ ጸና ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ለልደት በዓል ከየአውራጃው በእግሩ የሚጓዘው ገበሬ፣ ሕፃን ያዘለችው እናት፣ በቤተ ማርያም ቆሞ ቤዛ ኵሉ የሚያዜመው ካህን ሕያዋን አድርገው አቆይተዋቸዋል። ተሳላሚ የሌለው ሕንፃ ድንጋይ ነው፤ ተሳላሚ ያለው ግን ቤት ነው።

ለዚህ ነገር ሁለት ምስክሮች በሩቅ አገር ይገኛሉ፤ አንዱ በሮም፥ ሁለተኛው በኢየሩሳሌም።

በሮም ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ኋላ፥ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆኖ ተሰጠ። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት በዚያ ተቀምጠው ነው። ከ100 ዓመትም በኋላ፥ በ1649፥ አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመኑ ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋራ በሮም ተገናኝተው አስተማሩት፤ ሉዶልፍም የግዕዝንና የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ለኤውሮፓ ጻፈ። ኋላ ግን ከኢትዮጵያ የሚመጣው መንገደኛ እግር እየሳሳ ሄደ፤ የመነኮሳቱም ማኅበር አለቀ። ሕንፃው ዛሬም አለ፤ ያ የቀድሞው ጉባኤ ግን የለም። ቤቱን የፈታው እሳት ወይም ጦር አይደለም፤ የሚመጣ ሰው መቅረቱ ነው።

በኢየሩሳሌም ደግሞ ዴር ሡልጣን አለ። በጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ፥ የኢትዮጵያ መነኮሳት በጠባብ ጎጆ ተቀምጠው ይኖራሉ። በ1830 ዓ.ም. ገደማ ቸነፈር ገብቶ መነኮሳቱን ፈጀ፤ የቀሩትም ብዙ ግፍና ብዙ ክርክር አዩ። የሚያስደንቅ ጕልላት፣ የሚያብለጨልጭ ዕብነ በረድ የላቸውም። ነገር ግን ሌሊቱን ተነሥተው ኪዳን ያደርሳሉ፤ ከኢትዮጵያ የመጣውም ተሳላሚ በሰገነቱ ላይ የአገሩን ቋንቋ ይሰማል። በሮም የቀረው ሕንፃው ነው፤ በዴር ሡልጣን የቀረው ሰዉ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለአስተዋይ ሰው ግልጥ ነው።

እንግዲህ ከሩቁ አገር ወደ ቅርቡ ደጅ እንመለስ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋራ ወደ ዐድዋ ወረደ፤ ድሉም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በሰማዕቱ በዓል ሆነ። ከድሉ በኋላ አፄ ምኒልክ ይህን ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ እዚህ ዘውድ ጫኑ። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 እልቂት ጋራ ፋሽስቶች እሳት ለቀቁበት፤ ከነጻነት በኋላም ታደሰ፤ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌም በጥበብ አስጌጠው። ከደጁ በታች ይውል የነበረው የአራዳ ገበያ በጠላት ዘመን ወደ መርካቶ ተዛወረ። ገበያው ሄደ፤ ደብሩ ግን ቀረ፤ ሸማችና ነጋዴ የነበረው ሕዝብ ተሳላሚ ሆኖ መምጣቱን አልተወምና።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሌሎችም የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ለከተማው አዲስ ሥራ በፈረሱ ጊዜ፥ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ሩቅ ሠፈር ሄደ። የሌሊቱን ደወል ከአልጋው ሆኖ ይሰማ የነበረ ሽማግሌ፥ አሁን ደወሉ ከማይሰማበት ስፍራ ይኖራል። በሰንበት ነጠላዋን ተከናንባ በእግሯ ትደርስ የነበረች እናት፥ አሁን በሁለትና በሦስት መኪና ትመጣለች፤ አንዳንድ ጊዜም ትቀራለች። መንገዱ ሰፍቷል፤ ዛፉ ተተክሏል፤ መብራቱም በዝቷል። ከውጭ አገር የመጣው መንገደኛም ደብሩን ከሩቅ አይቶ፥ ሙዚየሙን ተመልክቶ ይሄዳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ጐብኚው ሲበዛ ተሳላሚው ቢያንስ፥ የሮሙ እስጢፋኖስ ነገር በአራዳ እንዳይደገም ያስፈራል።

ኢዮቤልዩ የምንለው ቃል ከኦሪት የመጣ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው፥ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ከርስቱ የወጣ ሁሉ ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ ይመለሳል። የፈረሰውን ቤት የሚመልስ ሥልጣን በዚህ ጉባኤ ዘንድ የለም። የደጀ ሰላም ርስት ግን በካርታ አይነጠቅም፤ በመምጣት ይጸናል። ስለዚህ ርቆ የሄደው ምእመን በየወሩ በ23 ቀን ይምጣ፤ ልጆቹንም አስከትሎ አያታቸው የተጠመቁበትንና የተሸኙበትን ስፍራ ያሳያቸው። በቅርብ የቀረውም የራቀውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጐብኝ፤ ማኅበሩም ጽዋውን እስከዚያ ሠፈር ያድርስለት። ካህናቱም የንስሐ ልጆቻቸውን በሄዱበት ይፈልጓቸው።

ሀብትና ጤና የተሰጠው ደግሞ ኢየሩሳሌምንና ላሊበላን፣ ሮምንም ይይ፤ በረከት ነው። ሲመለስ ግን አስቀድሞ ይህን ደጅ ይሳለም። ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትን ያቆመው በየዕለቱ የሚመለስ የጥቂቶች እግር ነውና፥ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ለመሆን ከአራዳ ማለፍ አያሻውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።