የመጨረሻው ደመወዝ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው እድራችን የተቋቋመው ስንሞት ልንቀባበር፣ ስናዝንም ልንጽናና ነው። ሆኖም ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ከኀዘንተኛው ጋር ስንቀመጥ የማንሰማው የኑሮ ጉዳይ የለም። ደጋግመን ከምንሰማው አንዱ «ይሠራበት የነበረው ድርጅት የመጨረሻውን ደመወዝ እስካሁን አልሰጠውም» የሚለው ነው። አንዱ ከሥራ ተሰናብቶ፣ አንዱ በፈቃዱ ለቆ፣ ሌላውም በሞት ተለይቶ የላቡ ዋጋ ከአሠሪው እጅ ይቀራል። ስለዚህ ዘንድሮ ስለ መዋጮና ስለ ወንበር ጥገና ከመነጋገራችን በፊት በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ለማለት የፈለግነው ባጭሩ ይህ ነው። ሕጉ ለሠራተኛው ያደላል፤ ጊዜው ግን አይጠብቀውም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው መብት ስለሌለው ሳይሆን ይሉኝታ ይዞት፣ «ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» ሲባል እሺ እያለ ስድስት ወር ስለሚያልፍበት ነው።

አሁን የሚሠራበት ሕግ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። ይህ አዋጅ በግል ድርጅትም ሆነ በመንግሥት የልማት ድርጅት ተቀጥሮ ለሚሠራው ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚተዳደርበት ሌላ ሕግ አለው። የአዋጁ አንቀጽ 36 የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ደመወዝና ከደመወዝ ጋር የተያያዘው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት ይላል። እንግዲህ ልብ በሉ! «የወሩ መጨረሻ ይድረስ» ወይም «በጀት ይለቀቅ» የሚል ቃል እዚያ ላይ የለም። አሠሪው ከዚህ ጊዜ ቢያሳልፍና ለመዘግየቱ ከአቅሙ በላይ የሆነ ምክንያት ባይኖረው፣ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ገንዘብ እንዲከፍል ሊያዘው ይችላል። ይህን የሚለው አንቀጽ 38 ነው።

የመጨረሻ ክፍያ ሲባል የመጨረሻው ወር ደመወዝ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የተሠራበት ቀን ሒሳብ አለ፤ ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት አለ፤ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። ያለ ማስጠንቀቂያ የተሰናበተ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። የጡረታ መብት የሌለው ሠራተኛ፣ ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ሥራው ሲቋረጥ፣ የሥራ ስንብት ክፍያም አለው። ከነዚህም ምክንያቶች አንዱ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ በፈቃዱ መልቀቅ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በወር 6,000 ብር የሚከፈለው አንድ ጥበቃ ሰባት ዓመት ሠርቶ፣ በደንቡ አስጠንቅቆ ለቀቀ እንበል። የጡረታ መብትም የለውም። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዙ፣ ማለትም 6,000 ብር ይታሰብለታል። ከዚያ በኋላ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት የዚያው ሲሶ፣ 2,000 ብር ይጨመራል። ስድስቱ ዓመት 12,000 ሲሆን ጠቅላላው 18,000 ብር ነው። ይህ ክፍያ ከ12 ወር ደመወዝ እንዳይበልጥ ሕጉ ወስኖታል። ታዲያ ያ ሰው «የአሥር ቀን ሒሳቤን ስጡኝ» ብቻ ብሎ ቢመለስ ምን ያህል ጥሎ እንደሄደ አስቡት።

አሠሪዎች የሚሰጡት ምክንያት ደግሞ የታወቀ ነው። እኛም አንድ በአንድ እንመልከተው።

«ክሊራንስ አልጨረስክም» ይላሉ። በዚህ ላይ ሕጉ ለአሠሪውም መብት ሰጥቶታል፤ ሠራተኛው በራሱ ጥፋት በእጁ ያለውን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ከቆየ የክፍያው ጊዜ ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ ካፖርቱንም፣ ባትሪውንም፣ ቁልፉንም፣ መታወቂያውንም በመጀመሪያው ቀን መልሱና የመረከቢያ ወረቀት ተቀበሉ። ንብረት ክፍሉ «ዛሬ ሰው የለም» ካለ፣ ለማስረከብ መቅረባችሁን በደብዳቤ አሳውቃችሁ በግልባጩ ላይ አስፈርሙ።

«ዕቃ ጎድሏል» ይላሉ። አሠሪ በገዛ ሥልጣኑ ደመወዝ መቁረጥ አይችልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው ራሱ የጻፈው ስምምነት ያስፈልገዋል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

«ሳታስጠነቅቅ ወጣህ» ይላሉ። በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሳያደርግ ቢወጣ የሚጠየቀው ካሣ ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። የሦስት ወር ውዝፍ ያለበት አሠሪ ይህን ሰበብ አድርጎ ሁሉንም መዋጥ አይችልም።

«ሒሳቡ አልተስማማንበትም» ይላሉ። በመጠኑ ላይ ክርክር ቢኖርም፣ አሠሪው ያላከራከረውን ክፍል በዚያው በሰባቱ የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ የቀረው ይከራከሩበታል።

«ፈርመህ ተቀብለሃል» ይላሉ። በደመወዝ መዝገብ ላይ ያለውን ገንዘብ ያለ ተቃውሞ ፈርሞ መቀበል የቀረውን መብት እንደ መተው አይቆጠርም። ነገር ግን «ከእንግዲህ የምጠይቀው ምንም የለኝም» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡላችሁ፣ ገንዘቡ ተሟልቶ በእጃችሁ ሳይገባ አትፈርሙ።

«ድርጅቱ ከስሯል» ቢሉም ተስፋ አትቁረጡ። ሠራተኛው ከሥራው የሚጠይቀው ክፍያ ከሌላው ዕዳ ቅድሚያ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጊዜው እንምጣ። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል። ውሉ በመቋረጡ የሚጠየቀው ክፍያም ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ እንዲሁ ስድስት ወር ነው። ያለ አግባብ ተሰናብቼአለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ከሆነ ጊዜው ያጥርበታል፤ ያለው ሦስት ወር ብቻ ነው። ሥራው መስከረም 10 ቀን ከተቋረጠ፣ የመስቀል በዓልና የዕረፍት ቀኖች ሳይቆጠሩ ገንዘቡ ወደ መስከረም 20 ገደማ መከፈል ነበረበት። መጋቢት 10 ሲሆን ደግሞ የክሱ በር ይዘጋል።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችን እንዳይቀየሙን አደራ እንላለን። ሽምግልና መልካም ነው፤ በሽምግልና ገንዘቡን ያገኙ አባሎችም አሉን። ነገር ግን ሽማግሌ ስለተላከ ብቻ ይርጋው አይቆምም። አሠሪው ቡና አፍልቶ፣ «ልጄ እኮ ነው፣ እከፍለዋለሁ» እያለ ቀኑን ሊያስቆጥረው ይችላል። ጊዜውን የሚያቋርጠው ለሥራ ክርክር ችሎት ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቀረበ አቤቱታ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ማመኑ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ሆነን ስንሄድ «በጽሑፍ እመንልን፣ የምትከፍልበትንም ቀን ጻፍልን» ማለት ይገባናል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀውን ገንዘብ በዝርዝር የያዘ ደብዳቤ ለአሠሪው ይሰጣል፤ ግልባጩ ላይ ቀንና ፊርማ ይቀበሏል። መልስ ካልተገኘ ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይኬዳል፤ ቀድሞ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ እንለው የነበረው ማለት ነው። እዚያም ካልተቋጨ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ ይቀርባል። ለዚህ ክስ ሠራተኛው የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል፤ ቅር የተሰኘ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ተፈርዶለትም ገንዘቡ ካልመጣ ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም፤ የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት ያስፈልገዋል። ያኔ የአሠሪው የባንክ ሒሳብ ወይም ንብረት ሊያዝ ይችላል። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው በየዩኒቨርሲቲው ያሉትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች፣ ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ቢጠይቁ መልካም ነው።

«የቅጥር ውል የለኝም» ብሎ የሚተወውም አለ። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። የሥራ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ በቴሌብር የተላከ ደመወዝ፣ የፈረቃ ሰሌዳ፣ አብረው የሠሩ ሰዎች ምስክርነት፣ እነዚህ ሁሉ ማስረጃ ናቸው። አሠሪው የደመወዝ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላለበት፣ ያንን መዝገብ እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። ማንኛውም ሠራተኛ ሲለቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ ማግኘት እንዳለበትም አትርሱ።

ከሁሉ በላይ እድራችንን የሚመለከተው በሞት የተለየው አባል ጉዳይ ነው። ሠራተኛው ሲሞት የሥራ ውሉ ያበቃል፤ ሒሳቡ ግን አብሮት አይቀበርም። እስከ ሞተበት ቀን የሠራበት ደመወዝና ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ክፍያ የወራሾቹ ነው። አምስት ዓመት ያገለገለና የጡረታ መብት የሌለው ከሆነ የስንብት ክፍያው ለጥገኞቹ፣ ማለትም ለባል ወይም ለሚስት፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፣ በሟቹ ይረዱ ለነበሩ ወላጆች ይሰጣል። ሞቱ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ከሆነ ደግሞ ከጥገኞች ካሣ ሌላ ከሁለት ወር ደመወዝ ያላነሰ የቀብር ማስፈጸሚያ አለ። ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ስለሚኖርባቸው ጊዜ ይወስዳል።

ኀዘንተኛ ቤት ስለ ገንዘብ ማንሳት ነውር እንደሚመስል እናውቃለን። እናት ከል ለብሳ፣ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው፣ ማን ነው ስለ ደመወዝ የሚያወራ? ነገር ግን አርባው ይደርሳል፣ ሰማንያው ይደርሳል፣ ከዚያም መንፈቁ ይደርሳል። የመንፈቁ ዕለት የሕጉም ቀን ያልቃል። ስለዚህ ከኮሚቴው ሁለት ሰው፣ ሰልስቱ ካለፈ በኋላ፣ ቤተሰቡን በእርጋታ ጠይቆ የሟቹን የሥራ ወረቀቶች እንዲያሰባስብ፣ ወደ መሥሪያ ቤቱም አብሮ እንዲሄድ ለጉባኤው ሐሳብ እናቀርባለን። የሚያስፈልገው የታክሲና የፎቶ ኮፒ ወጪ ብቻ ነው፤ ለአንዲት ባልቴት ግን የዓመት የቤት ኪራይ ሊሆንላት ይችላል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንበል። እኛም ራሳችን አሠሪዎች ነን። እድሩ ጥበቃና የዕቃ ቤት ሠራተኛ አለው፤ ከመካከላችንም በቤቱ ሠራተኛ የቀጠረ ብዙ ነው። በቤት ውስጥ የምታገለግል ሠራተኛ ከላይ በጠቀስነው አዋጅ አትሸፈንም፤ የእሷን ጉዳይ የሚመለከተው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ደመወዟን ግን በዚያም ቢሆን መከልከል አይቻልም። «ብርጭቆ ሰብራለች» ወይም «ሳትነግረን ሄደች» ብሎ የወር ደመወዟን የሚያስቀር ሰው፣ ነገ ልጁ ከፋብሪካ ሳይከፈለው ሲባረር በማን ላይ ይጮኻል? ሰው ከቤታችን ሲሰናበት ሒሳቡን ቆጥረን፣ አስፈርመን፣ መርቀን እንሸኘው።

እንግዲህ ውድ አባላት፣ ከዚህ ስትወጡ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። የተሰናበታችሁበትን ቀን ጻፉ፤ ወረቀታችሁን ሁሉ በአንድ ላይ አስቀምጡ፤ ስድስቱ ወር ሳይሞላ ክሳችሁን አቅርቡ። መንገዱ የጠፋበት ቢኖር ወደ ኮሚቴው ይምጣ፤ ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን።