ሹመት በእጁ ሳለ ስለ ሸፈተው ስለ ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ የተነገረ ቃል



ሽፍታ ሲባል በሰው ልብ የሚሣለው ርስቱን ያጣ፥ ከሹም የተጣላ፥ በዱር የሚያድር ሰው ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ሹመቱም ደመወዙም በእጁ ሳለ ስለ ሸፈተው ስለ አካለ ጉዛዩ ሹም ስለ ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ነው።

ባሕታ የሰገነይቲ ሰው ነው። በዓፄ ዮሐንስ ዘመን ከራስ አርአያ ቤት ጋራ ደም ስለ ተቃባ ሸፍቶ ብዙ ዘመን በስደት ኖረ። ይህ የመጀመሪያው ሽፍትነቱ የማንም ሽፍታ ሽፍትነት ነበረ። ኢጣልያኖች በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ከያዙ በኋላ ግን ወደ እነርሱ ገባ። ወደ ደጋው ሲወጡም አብሯቸው ወጣ፤ እነርሱም በአካለ ጉዛይ ላይ ሾሙት። እንግዲህ የባዕድን መንግሥት ካጸኑት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበረና ይህን መሸሸግ አይገባንም።

ታዲያ ምን አስነሣው ቢሉ፥ የመሬት ነገር ነው። በክፉ ቀን ሕዝቡ ከፊሉ አልቆ ከፊሉም ተሰዶ ስለ ነበረ ብዙ እርሻ ጦም አድሮ ነበር። ኢጣልያኖችም ጦም ያደረውን ሁሉ ባለቤት የሌለው ነው ብለው ከአገራቸው ለሚመጡ ሰፋሪዎች ይወስዱት ጀመር። ነገር ግን ርስት ባለቤቱ ቢሰደድ፥ ቢሞትም፥ የወገኑ ነው እንጂ የማንም አይደለም። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት በገንዘብ እንኳ አልለውጥም ብሎ እንደ ሞተ ታውቃላችሁ። ባሕታም ከባለ ርስቱና ከሹመቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበት።

በታኅሣሥ ወር 1887 ዓ.ም. በሰገነይቲ የነበረውን የኢጣልያ እንደራሴ ሳንጉዊኔቲን አሰረ፤ የቴሌግራፉንም ሽቦ ቈረጠ። 1600 ያህል ሰው አስከትሎ በሐላይ ያለውን ምሽግ ሊይዝ ሄደ። እርሱ ከምሽጉ ጋራ ሲዋጋ ሻለቃ ቶዜሊ ከኋላው ደረሰበትና በዚያው ወደቀ። ከተነሣ ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ወንድሙ ሰንጋል የተረፈውን ሰው ይዞ ወደ ራስ መንገሻ ገባ። ጄኔራል ባራቲዬሪም መንገሻ አለበት ብሎ ጦሩን አነሣ፤ በጥር ወር በኮዓቲት ተዋጉ። ያ እሳት እየሰፋ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ። ከዚያም ወዲህ ኢጣልያኖች ያን ያህል መሬት ለሰፋሪ መንጠቁን ተዉት።

ዘግይቶ ነቃ ብለው የሚነቅፉት አሉ፤ ነቀፌታቸውም ከንቱ አይደለም። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። የተራበ ሰው ቢሸፍት የሚያጣው ጥቂት ነው፤ የጠገበ ሰው ግን የሚበላበትን ማዕድ ገፍቶ ሲነሣ ሁሉን አጥቶ ነው። በቅኔ ሰም ሲቀልጥ ወርቁ ይቀራል። የባሕታም ሹመት በአምስት ቀን ቀለጠ፤ ስለ ርስት የሰጠው ነፍሱ ግን እስከ ዛሬ ይነገርለታል። እኛም እያንዳንዳችን ከምንበላው እንጀራ ጀርባ የማን እርሻ እንዳለ እንመርምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።