ባሕር ውስጥ እየኖሩ መስጠም

ከአርብ ገበያ የጻፉልን እናት፣ ልጃቸው «ዶልፊን ውሃ ውስጥ እየኖረ እንዴት ይሰምጣል?» ብሎ እንደጠየቃቸው ይነግሩናል። ልጁ ትክክል ጠይቋል።

ጣና ላይ ጉማሬ አፍንጫውን ብቅ አድርጎ ሲተነፍስ ያየ ነገሩ ይገባዋል፤ በዘረመል ጥናት ለዓሣ ነባሪና ለዶልፊን የቅርብ ዘመድ ሆኖ የተገኘው እርሱ ነው። መልካቸው ዓሣ ቢመስልም በሳምባ ይተነፍሳሉ፣ ግልገላቸውን ያጠባሉ። አፍንጫቸው አናታቸው ላይ ነው። ጉማሬ 5 ደቂቃ ያህል ሲታገሥ፣ ስፐርም የተባለው ዓሣ ነባሪ ከ1 ሰዓት በላይ ትንፋሹን ይይዛል።

እኛ ተኝተንም እንተነፍሳለን። ዶልፊን ግን ለያንዳንዱ ትንፋሽ አውቆ ብቅ ማለት አለበት፤ ስለዚህ ግማሽ አንጎሉ ሲተኛ ግማሹ ነቅቶ ይጠብቀዋል። ሱብሓነላህ! በቀይ ባሕርም ሆነ ሌላ ቦታ የአጥማጅ መረብ ከታች ከያዘው ግን መውጫ የለውምና ታፍኖ ይሞታል።